ግንባሯ ላይ ወተት የደረቀባት ውርንጭላ
የአንባቢያን ጥያቄና የእንስሳት ሐኪም መልስ

ጥያቄ፦ ውድ ዶክተር፣ ባዝራዬ የወለደችው ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው። የሽርት ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ውርንጭላዋ እስክትወጣ ድረስ 50 ደቂቃ ያህል ፈጀ። ስትወለድ ትተነፍስ ነበር፤ ነገር ግን እግሮቿ አልጸኑላትም፤ የቆመችው ከ4 ሰዓት በኋላ፣ ያውም ደግፈናት ነው። ከቆመች በኋላ ከእናቷ ሆድ ሥር ገብታ ጡት ስታፈላልግ አየን፤ ግንባሯና አፍንጫዋም በወተት ርሶ ስለነበር ጠብታለች ብለን እፎይ አልን። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ግን በጎኗ ተዘርራ፣ ጆሮዋና እግሮቿ ቀዝቅዘው አገኘናት። ወንድሜ ከእናቷ ወተት አልቦ በጡጦ ሊያጠጣት ሞከረ፤ ትን አላት፣ ወተቱም በአፍንጫዋ ተመለሰ። ሐኪም መጥቶ ሲለካት የሰውነቷ ሙቀት 36 ዲግሪ ነበር። ወደ ክሊኒክ ተወስዳ ግሉኮስ፣ ፕላዝማና አንቲባዮቲክ ተሰጣት፤ ወተቱንም በአፍንጫዋ በገባ ቱቦ ስትመገብ ቆየች። ዛሬ 6ኛ ቀኗ ነው፤ በራሷ ቆማ ትጠባለች፤ ከ2 ቀን በኋላም ወደ ቤት ትመለሳለች ተብሏል። ያመለጠን ምን ነበር? ሕክምናው ይህን ያህል የበዛውስ ለምንድን ነው? ስትመለስስ እንዴት ልያዛት? ጥፋቱ የእኔ እየመሰለኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መልስ፦ በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኔን የያዘው ያ በወተት የራሰ ግንባር ነው። ጤናማ ውርንጭላ ጡቱን በሚገባ ጎርሳ ስትጠባ ወተቱ የሚወርደው ወደ ጉሮሮዋ ነው፤ ግንባሯ ላይ የሚፈስበት ምክንያት የለም። ከጡቱ ሥር ቆማ የእናቷን ታፋና ሆድ እየላሰች፣ ጡቱን አፏ ውስጥ ሳታስገባ ስትንገላታ ግን እናቲቱ ወተቷን በራሷ ትለቀዋለች፤ ወተቱም እየተንጠባጠበ ከልጂቱ ራስ ላይ ይደርቃል። እርስዎ መጥባቷን ያረጋገጠልዎ የመሰለዎት ነገር ያልጠባች መሆኗን የሚናገር ምልክት ነበር። ይህን ምልክት ለዓመታት ፈረስ ያረቡ ሰዎች ሳይቀሩ ሲሳሳቱበት አይቻለሁና ራስዎን አይውቀሱ።

ሁለተኛው ምስክር የእናቲቱ ጡት ነው። አዲስ የተወለደች ጤናማ ውርንጭላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ5 እስከ 7 ጊዜ እየተመላለሰች ጥቂት ጥቂት ስለምትጠባ፣ የእናቷ ጡት ብዙውን ጊዜ ለስለስ ብሎ ይገኛል። ጡቱ ግቶና ተወጥሮ ከጫፉ የሚያንጠባጥብ ከሆነ፣ ውርንጭላዋ በዓይናችን ፊት ብትቆምም ባትቆምም አልጠባችም ማለት ነው። ስለዚህ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሰዓታት ውርንጭላዋን ከማየት ባልተናነሰ የእናቲቱን ጡት በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል።

የእንስሳት ሐኪሞች ለባለቤቶች የምናስተምረው ቀላል የሰዓት ቆጠራ አለ። ጤናማ ውርንጭላ በተወለደች በ1 ሰዓት ውስጥ ትቆማለች፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ትጠባለች፣ የባዝራዋ የእንግዴ ልጅ ደግሞ በ3 ሰዓት ውስጥ ይወጣል። ከዚህ ከአንዱም ያለፈ ነገር ሲኖር ለሐኪም የሚደወለው በዚያው ሌሊት እንጂ ሲነጋ አይደለም። ምጡም ቢሆን የራሱ ሰዓት አለው፤ የሽርት ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ውርንጭላ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይወለዳል። የእርስዎ ባዝራ 50 ደቂቃ ስለፈጀች ልጂቱ በመንገድ ላይ ሳለች የኦክስጅን እጥረት ሳያገኛት አልቀረም፤ የእግሮቿ አለመጽናትና ጡቱን ፈልጎ የመያዝ ችሎታዋ መጥፋት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት የተጎዱ ውርንጭላዎች አንዳንዶቹ ሲወለዱ ደህና መስለው በመጀመሪያው ቀን ወይም በሁለተኛው ቀን ግራ ይጋባሉ፤ ግድግዳ ይልሳሉ፣ እናታቸውን ትተው በጋጣው ውስጥ ይዞራሉ፣ የመጥባት ደመ ነፍሳቸው ይጠፋል፣ ሲብስም ይንቀጠቀጣሉ። በአግባቡ ከተመገቡና ከተጠበቁ ግን አብዛኞቹ ይድናሉ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሠሩት የእንስሳት ሐኪም ጆን ማዲጋን ለእንዲህ ዓይነቶቹ ውርንጭላዎች ደረትን ለስላሳ ገመድ በመጠምጠም ለ20 ደቂቃ ያህል በልክ ጨምቆ የመያዝ ዘዴ አስተዋውቀዋል፤ ሐሳቡ በወሊድ መንገድ ሲያልፉ የሚደርስባቸውን ግፊት መድገም ነው። የጎድን አጥንታቸው የተሰበረ ውርንጭላዎች ላይ ግን ጉዳት ስለሚያስከትል፣ ሐኪም ሳይመረምር ማንም ሰው በቤቱ ሊሞክረው አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ሰዓቱ ይህን ያህል የሚያስጨንቀን ለምንድን ነው? የባዝራ የእንግዴ ልጅ አሠራር በሽታን የሚከላከሉ አንቲቦዲዎችን ከእናት ደም ወደ ፅንሱ አያሳልፍም። ውርንጭላ ወደዚህ ዓለም የምትመጣው መከላከያ የሚባል ነገር በደሟ ውስጥ ከሞላ ጎደል ሳይኖር ነው፤ መከላከያዋን የምታገኘው ከእናቷ የመጀመሪያ ወተት፣ ከእንገሩ፣ ብቻ ነው። አንጀቷ ደግሞ እነዚህን አንቲቦዲዎች እንዳሉ ወደ ደም የሚያሳልፈው ለአጭር ጊዜ ነው፤ በሩ በሰፊው የሚከፈተው በመጀመሪያዎቹ ከ6 እስከ 8 ሰዓታት ሲሆን፣ 24 ሰዓት ሲሞላ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል እንገር ብትጠጣ ለሆዷ ምግብ ይሆናል እንጂ ለደሟ መከላከያ አይሆንም። 50 ኪሎ የምትመዝን ውርንጭላ በእነዚያ የመጀመሪያ ሰዓታት ከ1 እስከ 2 ሊትር ጥሩ እንገር ማግኘት አለባት። ጥሩ እንገር ወፍራም፣ ቢጫና ጣት ላይ የሚጣበቅ ነው፤ ባዝራዋ ከመውለዷ በፊት ለቀናት ወተት ስታንጠባጥብ ከቆየች ግን ምርጡ እንገር መሬት ላይ ፈሶ ቀርቷልና፣ ልጂቱ ብርቱ ሆና ብትወለድ እንኳ ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር ይገባል።

ከመከላከያው ሌላ የጉልበት ጉዳይ አለ። አዲስ የተወለደች ውርንጭላ በሰውነቷ ውስጥ ያከማቸችው ኃይል እጅግ ጥቂት ነው፤ ሳትጠባ ጥቂት ሰዓታት ካለፉ በደሟ ያለው ስኳር ይወርዳል። ስኳሩ ሲወርድ ትደክማለች፣ ስትደክም አትጠባም፣ ስላልጠባች ደግሞ ይበልጥ ትቀዘቅዛለች። የእርስዎ ውርንጭላ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ድረስ በዚህ አዙሪት ውስጥ ነበረች።

ስለ ጡጦው ግልጽ ሆኜ ልንገርዎ፤ ወንድምዎ ያደረገው ከፍቅር የተነሣ ነው፣ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። ጣት አፏ ውስጥ ሲገባላት ምላሷን ጠቅልላ በኃይል የማትስብ ውርንጭላ ወተት ሲፈስባት መዋጥ አትችልም፤ ወተቱ ወደ ሳንባዋ ይወርዳል፣ የሳንባ ምችም ያስከትላል። በአፍንጫ የተመለሰው ወተትና ያ ትንታ ይህንኑ የሚያሳዩ ናቸው። በተጨማሪም የሰውነቷ ሙቀት ከ37.2 እስከ 38.9 ዲግሪ መሆን ሲገባው ወደ 36 የወረደ ውርንጭላ አንጀቷ በደንብ ስለማይሠራ፣ የተሰጣት ወተት ሆዷን ከመንፋት በቀር አይጠቅማትም። ሐኪም እስኪደርስ ድረስ የሚደረገው ሌላ ነው፤ በደረቅ ፎጣ ማሸት፣ በብርድ ልብስ መጠቅለል፣ ነፋስ በማይገባበት ደረቅና ወፍራም ጉዝጓዝ ላይ ማስተኛት፣ እንዲሁም በጎኗ እንዳትዘረር በደረቷ ላይ አስደግፎ ማስቀመጥ፤ እንዲህ ስትሆን ሁለቱም ሳንባዎቿ አየር ይደርሳቸዋል። ስታነሷትም የጎድን አጥንቷን እቅፍ አድርጎ ማንሳት አይገባም፤ በወሊድ ጊዜ የተሰነጠቀ አጥንት ቢኖር ልብን ወይም ሳንባን ሊወጋ ይችላል። አንድ እጅ ከደረቷ ፊት፣ ሌላው ከታፋዋ ኋላ ይሁን።

በክሊኒኩ የተደረገው ነገር ሲበዛብዎ ውስብስብ መስሎዎታል፤ ቅደም ተከተሉን ሲያዩት ግን እርስ በርሱ የተያያዘ ነው። በመጀመሪያ በደም ሥሯ የተሰጠው ግሉኮስ የወረደውን የደም ስኳር ለመመለስ ነው፤ ሙቀቷም ቀስ በቀስ ከፍ እንዲል ይደረጋል። ከዚያ ደሟ ተወስዶ የአንቲቦዲው መጠን ይለካል። መጠኑ በዴሲ ሊትር ከ800 ሚሊ ግራም በላይ ከሆነ በቂ ነው፤ ከ400 በታች ከሆነ ውርንጭላዋ መከላከያ የላትም እንላለን። ምርጡ ጊዜ ስላለፈ እንገር ብቻውን ሊያድናት አይችልምና ከጤናማ ፈረስ ደም ተለይቶ የወጣ ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል)፣ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሊትር፣ በደም ሥሯ ይሰጣታል። መጀመሪያ በዝግታ የሚንጠባጠበው ሰውነቷ እንዳይቆጣ ለመጠበቅ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከጎኗ የማይለይ ሰው የልብ ምቷንና አተነፋፈሷን እየቆጠረ ይቆያል።

አንቲባዮቲኩ ደግሞ ባክቴሪያዎች ወደ ደሟ ገብተዋል በሚል ስጋት የሚሰጥ ነው። የደም መመረዝ ለአራስ ውርንጭላዎች ሞት ዋነኛው ምክንያት ነው፤ ምልክቱም መጀመሪያ ላይ ስውር ነው። ድዷ ከወትሮው ሮዝ መልክ ወጥቶ ደም መስሎ ይቀላል፣ በጆሮዋ ውስጠኛ ክፍል ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣቦች ይታያሉ፣ እንቅልፏም ይበዛል። ትኩሳት ሁልጊዜ አይኖርም፤ እንዲያውም ብርቱ ሕመም ያለባት ውርንጭላ ቀዝቅዛ ልትገኝ ትችላለች። ሐኪሙ መድኃኒቱን ለብዙ ቀናት እንዲቀጥል ካዘዘ፣ ተሻላት ብለው በመካከል አያቋርጡት።

በአፍንጫ የሚገባው ቱቦ ትን የማለትን አደጋ ያስቀራል። መጠኑ የሚሰላው በክብደቷ ነው፤ ለታመመች ውርንጭላ በመጀመሪያ በቀን የክብደቷን 10 በመቶ ያህል ወተት እንሰጣለን፤ 50 ኪሎ ብትመዝን በ24 ሰዓት 5 ሊትር፣ በየ2 ሰዓቱ ከ400 ሚሊ ሊትር ጥቂት በለጥ ያለ ማለት ነው። ሆዷ ሲለምደው መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል። መቆም እስክትችል ድረስም በየ2 ሰዓቱ ጎኗን የሚያገላብጣት ሰው ያስፈልጋታል፤ አለበለዚያ የተኛችበት ሳንባ ይታፈናል፣ ቆዳዋ ይላጣል፣ ጭድ የነካው ዓይኗም ይቆስላል። እናቷም ከዓይኗ ባትርቅ መልካም ነው፤ ባዝራዋ ልጇን እያየችና እያሸተተች ካልቆየች ስትመለስ ላትቀበላት ትችላለች፣ በየ2 ሰዓቱ ካልታለበችም ወተቷ ይደርቃል።

ከ2 ቀን በኋላ ስትመለስ ሥራው የእርስዎ ነው። ጠዋትና ማታ ሙቀቷን ይለኩ፣ ይጻፉትም። ከዚያ እጅዎን በአራቱም እግሮቿ ላይ ከላይ እስከ ታች እያወረዱ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ይዳስሱ፤ ሞቆ ወይም አብጦ ያገኙት አንጓ፣ ወይም በአንድ ጠዋት የታየ ማንከስ፣ “እናቷ ረግጣት ይሆናል” ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። በአራስ ውርንጭላ ላይ ድንገተኛ ማንከስ በመገጣጠሚያ ውስጥ የገባ መግል አለመሆኑ እስኪጣራ ድረስ እንደዚያው ተቆጥሮ በዚያው ቀን መታከም አለበት። እምብርቷም ደረቅና ቀጭን ሆኖ መቆየት አለበት፤ የወፈረ፣ የሚያም ወይም እርጥበት ያለው ከሆነ የባክቴሪያዎች መግቢያ በር ሆኗል ማለት ነው። ለወደፊቱ እትብቱን አይቁረጡ፣ በራሱ ይበጠስ፤ ከዚያ እምብርቷን 0.5 በመቶ በሆነ ክሎርሄክሲዲን፣ ማለትም ጀርም በሚገድል ፈሳሽ፣ ውስጥ በመጀመሪያው ቀን ደጋግመው ይንከሩት። ብርቱ አዮዲን ቆዳውን ስለሚያቃጥል አልመክረውም።

ሌላ የምለምንዎ ነገር ቢኖር በቤት የተረፈ መድኃኒት እንዳይሰጧት ነው። ጄንታማይሲን ፈሳሽ ያነሳትን ውርንጭላ ኩላሊት ይጎዳል፣ ኤንሮፍሎክሳሲን የሚያድግ መገጣጠሚያን ልስልስ አጥንት ያበላሻል፣ ለትልልቅ ፈረሶች የሚሰጠው የሕመም ማስታገሻ ፌኒልቡታዞንም የአራስ ጨጓራ ያቆስላል። የእናቷ ወተት ቢያንስና የላም ወተት ለመጠቀም ቢገደዱ፣ የላም ወተት ከባዝራ ወተት ይልቅ ቅባቱ የበዛ፣ ስኳሩ ያነሰ ስለሆነ ሐኪሙ እንዴት እንደሚያስተካክሉት ያሳይዎት፤ ተራ ስኳር ግን አይጨምሩበት፣ አራስ ውርንጭላ ሊፈጨው ስለማይችል ያስቀምጣታል።

ጥያቄ፦ ውርንጭላዬ ከቀኑ ሦስት ሳምንት ቀድሞ፣ ፀጉሩ እንደ ሐር ለስልሶ፣ ጆሮዎቹም ተንጠልጥለው ተወለደ። ታክሞ አሁን ብርቱ ሆኗል፤ እየዘለለ መጫወት ይፈልጋል። ሐኪሙ ግን ከጋጣ እንዳይወጣ አዝዞኛል። ደህና የሆነን እንስሳ ማሰር ጭካኔ አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም፤ ትእዛዙን በጥብቅ ይጠብቁ። ያለ ጊዜው የተወለደ ውርንጭላ በፊት እግሩ ጉልበትና በኋላ እግሩ ቁርጭምጭሚት ውስጥ ያሉት ትንንሽ አጥንቶች ገና ልስልስ ናቸው፤ በራጅ ሲታዩ ክብ ጥላ መስለው፣ በመካከላቸው ሰፊ ክፍተት ይኖራል። በእነዚህ ላይ ሙሉ ክብደቱን ጥሎ ሲሮጥ ይጨፈለቃሉ፤ አንዴ ከተጨፈለቁ ደግሞ በዚያው ቅርጽ ይደነድናሉና ውርንጭላው ዕድሜ ልኩን ያነክሳል። ከውጭ የሚያዩት ብርታት የሳንባውና የጡንቻው ነው፤ አጥንቱ በራሱ ጊዜ ነው የሚበስለው። በትንሽ ጋጣ፣ ከእናቱ ጋር፣ ወፍራም ጉዝጓዝ ላይ ይቆይ፤ ራጁም ሐኪሙ በቀጠረው ቀን ይደገም። መውጣቱን የሚወስነው ያ ራጅ ነው። እግሮቹ ከጎን ሲታዩ መጣመም ከጀመሩም ቀጠሮውን አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ባዝራዬ ከአህያ ተጠቅታ መጀመሪያ ጤናማ በቅሎ ወለደች። ሁለተኛዋ በቅሎ ግን ብርቱ ሆና ተወልዳ፣ በደንብ ጠብታ፣ በሁለተኛው ቀን ዓይኗና ድዷ ቢጫ ሆኖ ደክማ ሞተች። ባዝራዋ ዳግመኛ ከአህያ አርግዛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስለ ደረሰብዎ ሐዘን አዝናለሁ። የገለጹት ነገር እንገር የሚያድን ሳይሆን የሚጎዳበት ሁኔታን የሚመስል ነው። የአህያ ቀይ የደም ሴሎች የፈረስ ደም የሌለው አንድ ምልክት አላቸው፤ በቅሎይቱ ከአባቷ ትወርሰዋለች። ባዝራዋ በቀደመው እርግዝናና ወሊድ ያ ደም ከደሟ ጋር ከተነካካ፣ ሰውነቷ እንደ ባዕድ ቆጥሮ አንቲቦዲ ያዘጋጅበታል፤ አንቲቦዲውም በእንገሯ ውስጥ ይከማቻል። ፅንሷን በማኅፀን ሳለች አይነካትም፤ ለዚህ ነው ብርቱ ሆና የምትወለደው። ስትጠባ ግን አንቲቦዲው በአንጀቷ ወደ ደሟ ገብቶ ቀይ የደም ሴሎቿን ያፈርሳል፤ ቢጫው መልክና ድካሙ ከዚያ የመጣ ነው። ይህ በሽታ በበቅሎዎች ላይ ከፈረስ ውርንጭላዎች ይልቅ በብዛት ይታያል።

ባዝራዋ ለመውለድ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሯት ደሟ ተወስዶ ይህ አንቲቦዲ እንዳለበት ይመርመር። ካለበት፣ ወይም ምርመራው ካልተገኘ፣ በወሊዱ ሌሊት ከጎኗ የማይለይ ሰው ይኑር። ውርንጭላዋ እንደ ተወለደች አፏን በአፍ መሸፈኛ ሸፍነው ለመጀመሪያዎቹ ከ24 እስከ 48 ሰዓታት የእናቷን ጡት እንዳትነካ ያድርጉ፤ ከእናቷ አጠገብ ግን አትራቅ። በዚህ ጊዜ መከላከያዋን የምታገኘው በቅሎ ወልዳ ከማታውቅ ሌላ ባዝራ እንገር ነው፤ ያንን አስቀድሞ አልቦ በበረዶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሲፈለግ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይቅለጥ እንጂ እሳት ላይ አይሞቅ፣ ሙቀት አንቲቦዲውን ያበላሸዋል። የእናቲቱ እንገር ደግሞ በየ2 ሰዓቱ ታልቦ ይደፋ። የውርንጭላዋ አንጀት ከተዘጋ በኋላ ያው ወተት ምንም አያደርጋትምና መሸፈኛውን ያውልቁላት፤ ከዚያ በኋላ እስከ 5 ቀን ድረስ የዓይኗን ነጭና የድዷን መልክ ጠዋትና ማታ በቀን ብርሃን ይመልከቱ፤ ቢጫ ካዩ፣ ብትዘልልም እንኳ፣ የደም ልገሳ ሊያስፈልጋት ይችላልና ወዲያው ለሐኪም ይደውሉ።